ከኢሪኒ ደሴት የመጣች ድንጋይ

ደባርቅ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1972 ዓ.ም.

ኢትዮጵያ ትቅደም። ከእሷ ቀጥሎ የእኔ ሱሪ ይከተል።

ይድረስ በልጅነቴ አዝላ ላሳደገችኝ፣ ዛሬ ልታዝለኝ ብትሞክር ግን ወገቧ ለሚቆረጥ፣ ለእናቴ የአጎት ልጅ ለእታለም የሺወርቅ ወልደ ሩፋኤል። እንደ ሊማሊሞ መንገድ የተጠማዘዘ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለሽበት ያግኝሽ። ይህን ደብዳቤ መንገድ ላይ ከፍቶ ለሚያነበውም ሰው ጤና ይስጥልኝ። ሲጨርስ በደንብ ያሽገው፤ ባለፈው ሙጫው አልያዘም ነበር።

እታለም፣ አሁን ቁጭ በይ። ተቀምጠሽ ከሆነም ተነሥተሽ እንደገና ቁጭ በይ። የምነግርሽ ነገር ከባድ ነው። እናቴ ታንጉት «እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይነገርም፣ ሽማግሌ ይላክ» ብላ ነበር። ሽማግሌ ባሕር አይሻገርምና እኔው ላርዳሽ። አንጀትሽን ጠበቅ አድርጊ።

መንኩሰሻል።

የት ገዳም፣ በማን እጅ እንደሆነ ሳትጠይቂ አትቀሪም። ደባርቅ ግን ከሐምሌ አቦ ጀምሮ ያውቀዋል። ቆቡ እንደሚያምርብሽም ተነግሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ ሳንቶሪኒ ከሚሉት ደሴት የላክሽው ደብዳቤና ፎቶ ደረሰ። እኔም እንደ ልማዴ አጥራችን ሥር ተቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለእናቴ አነባለሁ። ለምን ከፍ እንደማደርግ ታውቂያለሽ፤ ከአጥሩ ወዲያ አባትሽ መሪጌታ አሉ። እሳቸው ለደረስጌ ማርያም ንግሥ በሄዱበት፣ ሳይመርቁሽ፣ ከግሪኮቹ አሠሪዎችሽ ከነሙሴ ያኒ ጋር ውልቅ ካልሽ ወዲህ ስምሽ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ደብዳቤሽ ሲነበብ ግን አጥሩ ሥር ሥራ አያጡም። አንዳንዴ መቋሚያቸውን ይጠርባሉ፣ አንዳንዴ ዶሮ ይቆጥራሉ። ያላቸው ዶሮ አንድ ነው።

ያን ቀን «ደሴቱ ላይ ነኝ» የሚለው ላይ ስደርስ፣ ከወዲያ «ያቺ ደሴት ላይ ምን ትሠራለች?» አሉ። እናቴ የያዘችው ሰፌድ ከእጇ ወደቀ። ከስንት ዘመን በኋላ «ያቺ» ተባልሽ።

እስቲ አንቺ ብትሆኚ ምን ትመልሺ ነበር? «ትዝናናለች» ልበል? በእኛ አገር ሰው ደሴት የሚገባው ሊመነኩስ ነው። ጣና ደሴት ለመዝናናት የገባ ማን አለ? እኔ ቃል ስመርጥ ራሳቸው «መነኮሰች በለኛ» አሉ። እኔም ፎቶውን በአጥሩ ቀዳዳ አቀበልኳቸው። አንቺ ነጭ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ጥቁር ሻሽ ጠምጥመሽ፤ ከጎንሽ ደግሞ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር የለበሰች አሮጊት። ማን ናት? እኔ እመምኔቷ ናት ብያለሁ።

ከዚያ በኋላማ ደራሽ ውኃ እንደወሰደው ሰው ሆንሁ። ፍል ውኃ አለ ብለሽ የጻፍሽውን ጸበል አደረግሁት። ቁርስ ስበላ ያልሽውን ዘለልሁት። «በቀን አንድ እፍኝ ሽምብራ ትቀምሳለች» ብላቸው «በዝቷል» አሉ። ሲመሽ ደብዳቤውን ልሳለመው ብለው ወሰዱና ከዳዊታቸው ጋር ማኅደር ውስጥ ከተቱት። አትሥጊ፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ አያነቡትም።

አንቺ የምትፈልጊው አንድ ነገር ነው፤ በእጃቸው የተጻፈ ምርቃት። በየደብዳቤሽ ታነሺዋለሽ። እንግዲህ እኔ ልጅሽ አገኘሁ ጉዳዩን ይዤዋለሁ፤ እስከ መስቀል አስጽፌ እልክልሻለሁ። አንቺ ደግሞ እግሩ እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ ትልኪያለሽ። ዘንድሮ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሆኛለሁና በተቀደደ ሱሪ አይሆንም። በሠፈሩ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማረ ሰው ስላልተገኘ እኔ ተመረጥሁ።

ቡራኬሽ አይለየኝ፣ እማሆይ።

አገኘሁ


ሳንቶሪኒ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1972 ዓ.ም.

የጾሟ ባለቤት እመቤታችን ከክፉ ትሰውራችሁ። ታንጉትዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ክረምቱስ በረታባችሁ? አገኘሁን ግን እንዴት ሰነበትህ አልለውም። ደህና መሆኑ ከወሬው ብዛት ይታወቃል።

አንተ ቀልማዳ፣ ማን ሰጠህ እኔን የማመንኮስ ሥልጣን? ጵጵስና ተሾምህ? ያቺ አሮጊት ኪራ ማሩሊያ ናት፣ ቤት ያከራየችን ባልቴት። እዚህ ባሏ የሞተባት ሴት ጥቁር አታወልቅም። እመምኔት ሆነሻል ብላት የጠጣችው ወይን በአፍንጫዋ ወጣ። ሻሹም የእሷ ነው፤ ነፋሱ ፀጉሬን ሊነቅለው ሲል አዋሰችኝ።

እውነቱን ስማ። ይህ ደሴት ድሮ ሙሉ ተራራ ነበር አሉ። ከሆዱ እሳት ገንፍሎ ፈነዳና መሐሉ ባሕር ገባ። የቀረው ዳር ዳሩ ነው፣ እንደተሰበረ የእንስራ አፍ። ቤቶቹ ገደሉ ከንፈር ላይ ተደርድረዋል፤ አንድ ሰው ቢያነጥስ የሚወድቁ ይመስላሉ። ስሙም ከቅድስት ኢሪኒ የመጣ ነው። ከወደቡ ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ እንደ ሊማሊሞ ይዞራል። ሰው በበቅሎ ይወጣዋል፣ እኔም እንደ ባላባት ሚስት በበቅሎ ወጣሁ። ይህንን ቀበሌ ዘንድ እንዳታነብ።

በየዓመቱ ስንመጣ እኔ ወጥ ቤት ነበርሁ። ዘንድሮ ልጆቹ አደጉና ማዳም «አንቺም እንደ ሰው ተዝናኚ» አለችኝ። እንዴት እንደሚደረግ ግን አልነገረችኝም። በመጀመሪያው ቀን ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ የኪራ ማሩሊያን ደጅ ጠረግሁ፤ መጥረጊያውን ነጠቀችኝ። በማግስቱ ደበቀችው። አሁን ለምጃለሁ። ጥላ ሥር ተቀምጬ መርከብ አያለሁ፣ ማንም አይጠራኝም። መጀመሪያ ግን የተረሳሁ መስሎኝ ፈርቼ ነበር።

ከደሴቱ በአንዱ ወገን ከአመድ ሥር የሚቆፈር ከተማ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ብዙ መቶ ዘመን የነበረ ነው። ባለ ፎቅ ቤት፣ መስኮት፣ ደረጃ፤ የዘይትና የእህል ማድጋዎቹ በተቀመጡበት ቆመዋል። ከግድግዳው የተነሣውን ሥዕል አቴና አይቼዋለሁ፤ ሰማያዊ ዝንጀሮዎች ገደል ይወጣሉ። የእኛ ጭላዶች ከእኔ ቀድመው መጥተው ነው እንዴ አልሁ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ቤት አንድም የሰው አጥንት አልተገኘም። ምድሪቱ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ነቅተው፣ የሚያዘውን ይዘው ወጥተዋል። ባዶው ቤት ፊት ቆሜ የእኛ ቤት ትዝ አለኝ። እኔም ስወጣ የአባባን የውኃ ማድጋ ሞልቼ ነበር የወጣሁ።

ስለዚህ እውነቱን ንገራቸው። ምርቃቱን የምፈልገው ለራሴ ነው፤ ላልሆንኋት መነኩሲት የተሰጠ ምርቃት ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እሳቸው አርጅተዋል። የተሳሳተው ሰው ተመርቆ እኔ እንዲሁ እንዳልቀር።

ለታንጉት በትንሿ ሣጥን አንድ ድንጋይ ልኬያለሁ። የተረከዝ መፋቂያ ነው። የእኛው ጥቁር ድንጋይ ይቧጭራል፣ ይህ ነጩ ግን ለስላሳ ነው፤ ከዚያው ከእሳቱ የወጣ ነው አሉ። አገኘሁ፣ ድንጋይ ነው ብያለሁ። ሌላ ነገር እንዳታደርገው።

የሺወርቅ


ደባርቅ፣ ነሐሴ 29 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለክብርት እማሆይ፣ በበቅሎ ለምትሄጅው። በእግር የምንሄደው እኛ፣ ከጭቃው በቀር ምንም አልጎደለብንም። ለደብዳቤ ከፋቹም እንኳን ለአዲሱ ዓመት ዋዜማ አደረሰዎ።

ያዘዝሽኝን ሁሉ ፈጽሜያለሁ፣ ከሁለት ነገር በቀር።

የመጀመሪያው፣ እውነቱን አልነገርኋቸውም። ልነግራቸው አጥሩ ድረስ ሄጄ ነበር። እሳቸው ቀድመው «እማሆይ ምን አለች?» አሉኝ። «ያቺ» የነበርሽው እማሆይ ስትባዪ ሰምቼ እንዴት ላውርድሽ? ሰው ከሹመቱ በአንድ ጀምበር አይወርድም፤ እሱ የሚሆነው ሌላ ቦታ ነው። (ከፋቹ ይህችን ይዝለሉልኝ።)

ስለ ተቀበረው ከተማ የጻፍሽውን ግን እንዳለ አነበብሁት። ውሸት የምጨምርበት ቦታ አጣሁለት። መሪጌታ መቋሚያ መጥረባቸውን ተዉ። ዶሮዋን እንኳ አልቆጠሩም። ከዚያ «እነዚያ የወጡት ሰዎች አባቶቻቸውን ይዘው ነው የወጡ?» አሉ። «ደብዳቤው ላይ የለም» አልሁ። «እንግዲያ ጠይቃት» አሉና ገቡ። ይኸው ጠየቅሁሽ።

ሁለተኛው ድንጋይሽ ነው። በዚህስ እኔ የለሁበትም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ የለሁበትም። እናቴ እግሯን ልትታጠብ ሳፋ ሞልታ ድንጋይሽን ጣል ብታደርገው፣ አልሰጠመም። ወደ ታች ብትገፋው ተመልሶ ወጣ። «አገኘሁ፣ ና እስቲ» አለች፤ ድምፅዋ የሰው ድምፅ አልነበረም። ጎረቤታችን ወይዘሮ አረጋሽ በአጥር ዘልቃ መጣች። አረጋሽን ታውቂያታለሽ፣ እሷ ያየችውን ለማዳረስ ሬድዮ አያስፈልግም። «ከየት መጣ?» አለች። እናቴ ደንግጣ «ከየሺ ደሴት» አለች። አረጋሽ ነጠላዋን አጣፋች።

«ድንጋይ ይሰጥማል» አለች አረጋሽ። «ድንጋይ ያልሰጠመው ማን ይዞት ነው?»

«የተረከዝ ድንጋይ ነው» አልሁ እኔ፣ ምስክሬ እናቴ ናት።

«አንተ እውነት ተናግረህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ሳፋው ውስጥ ያለውን ውኃ በጣሳ ቀድታ ጠጣች፤ እናቴ አንድ እግሯን ነክራበት እንደነበር ለመናገር ጊዜ አልሰጠችንም። በማግስቱ ጥርሴ ተሻለኝ አለች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ገበያ ሆኗል። ቀበሌ ያለ ፈቃድ ተሰበሰባችሁ ብሎ ጥበቃ ላከ። ጥበቃው መጥቶ አየ፣ ቆቡን አውልቆ ድንጋዩን ወገቡ ላይ አስነካ። ካድሬው ደግሞ በውይይት ክበብ «ይህ ሳይንስ ነው» አለ። ሳይንሱ ምን እንደሆነ ግን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳደረው።

አሁን የሠፈሩ ሰው ድንጋዩ ቤተ ክርስቲያን ይግባ አይግባ ብሎ ተከራክሮ፣ አባትሽ ይፍረዱ ተብሏል። ከመስቀል በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያዩታል። አዎ ካሉ የቅድስት ልጅ አባት ናቸው፤ ምርቃቱን በወርቅ ቀለም ይጽፉልሻል። አትሥጊ፣ ሁሉም በእጄ ነው።

ሱሪውን ትቼዋለሁ። የእጅ ሰዓት ላኪ፤ ምእመናንን በሰዓት ማስተናገድ አለብኝ።

አገኘሁ


አቴና፣ መስከረም 23 ቀን 1973 ዓ.ም.

አገኘሁ፣

ሰላምታዬ ለእናትህ ነው። ሰዓት የለም።

ስትቀልድብኝ ሳቅሁ። በአባቴ ላይ ግን አይሆንም። እዚያ ሕዝብ ፊት ቆመው «ቅዱስ ነው» ካሉ በኋላ እውነቱ ቢወጣ በስተርጅና መሣቂያ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ምርቃት ቀርቶ እርግማንም አልጠብቅም። ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው ነው። አንዲት ፊደል ሳትጨምር አንብብላቸው። ድምፅህንም ከፍ አታድርግ፤ አጥሩን ዞረህ አጠገባቸው ተቀመጥ።

ይድረስ ለአባባ፣ ለመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል። ጉልበትዎን ስሜ ሰላም እላለሁ። አባባ፣ እኔ አልመነኮስሁም። ሰው ቤት ሠርቼ አድራለሁ። ደሴቱ ላይ የነበርሁ በበጋ ዕረፍቴ ነው፤ ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ እየበላሁ፣ እየሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ይህንንም አልደብቅዎ። የጠየቁኝን ከተማውን የሚያስጎበኘውን ሰው በስልክ ጠየቅሁት። የአሮጊትም የሽማግሌም አጥንት ስላልተገኘ ሁሉንም ይዘው ወጥተዋል ይላል። የት እንደደረሱ ግን የሚያውቅ የለም። እኔ አባቴን ይዤ አልወጣሁም። ቢመለሱ አያስወጡኝም ብዬ፣ ደረስጌ ሳሉ ጠብቄ ወጣሁ። የት እንደደረስሁ ግን ይኸው እነግርዎታለሁ፤ ደህና ደርሻለሁ። ሌላ የምለው የለኝም። ልጅዎ የሺወርቅ።


ደባርቅ፣ ኅዳር 4 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም የሺወርቅ፣ ሹመቷ ለተነሣባት። እኛ አለን። ለከፋቹም አለን በይልኝ፤ ብዙ ቀን ሳንጽፍ ስለቆየን ሳይናፍቀን አይቀርም።

የዘገየሁት ፈርቼ ነው። ይህን ያለ ሰው አገኘሁ መሆኑን ልብ በይ።

ደብዳቤሽ የደረሰው በፍርዱ እሑድ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ነው። እንዳልሽኝ አጥሩን ዞሬ ልሄድ ተነሣሁ፤ ከአጥሩ ማዕዘን ተመለስሁ። ነገ አነባለሁ አልሁ። በማግስቱ ሰዉ ሁሉ ከቅዳሴ ሲመለስ የመሪጌታ ግቢ ሞላ። አረጋሽ ድንጋዩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ በሰፌድ ይዛ ቀረበች። መሪጌታ መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። ካድሬውም ሳይንሱን ሊነግረን ከኋላ ቆሟል።

መሪጌታ ድንጋዩን ተቀበሉ። በመዳፋቸው መዘኑት። አሸተቱት። ከዚያ «ውኃ አምጡ» አሉ። ሳፋ ቀረበ። ሊያንሳፍፉት ነው ብለን ስንጠብቅ ግራ ጫማቸውን አወለቁ። እግራቸውን ነከሩ። ቀስ ብለው፣ ውዳሴ ማርያም እንደሚደግም ሰው ሳይቸኩሉ፣ ተረከዛቸውን ይፍቁ ጀመር።

አረጋሽ «መሪጌታ ምን እያደረጉ ነው?» አለች።

«የተላከበትን» አሉ።

«የጠጣሁትስ ውኃ?»

«የታንጉት እግር ንጹሕ ነው፣ አይጎዳሽም።»

እታለም፣ የሳቀው መጀመሪያ ጥበቃው ነው። ከዚያ እናቴ። በመጨረሻ አረጋሽ ራሷ፣ ጥርሷን ይዛ። ካድሬው ሳይንሱን ሳይናገር ሄደ።

ሰዉ ሲበተን እኔን በመቋሚያቸው ጠሩኝ። «ቁጭ በል። ትናንት የመጣውን አምጣ። እንደተጻፈ አንብብ» አሉ። አነበብሁ። እንደዚያ ያለ ደረቅ ንባብ አንብቤ አላውቅም፤ አንዲት ቃል ሳልጨምር ሲያልቅ አፌ ባዶ ሆነብኝ። እሳቸውም ማኅደራቸውን ከፍተው የሐምሌውን ደብዳቤሽን አወጡ። ደጃፉ ላይ፣ ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርገው፣ ያነቡልኝ ጀመር። ቁርስ ስበላ ያልሽውን ሳይቀር።

«ዓይንዎ ደክሟል አልነበር?» አልሁ።

«ደክሟል። ታውሯል አልኩህ?»

«እንግዲያ ሲያውቁ ለምን ዝም አሉኝ?»

«መነኮሰች ብዬ የጀመርሁት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን እውነትም መስሎኝ ነበር። ማታውን አንብቤ ዐወቅሁ።» ድንጋዩን በእጃቸው አገላበጡ። «የእሷ ደብዳቤ አጭር ነው። አንተ ስትዋሽበት ይረዝማል። እንዲረዝም ፈልጌ ነው።»

ተነሥቼ ቀለሙን አቀረብሁላቸው።

ቀለም በጠበጡ። መቃ ቀረጹ። ሲጽፉ እኔ አጠገባቸው አልተቀመጥሁም፤ አጥሩ ሥር ሄጄ ዶሮዋን ቆጠርሁ። ከዚህ ጋር ያለው የእሳቸው እጅ ነው። ሳልገለብጠው እንዳለ አሽጌዋለሁ፤ ያነበቡልኝ ግን እንዲህ ይላል፦

«ይድረስ ለልጄ ለየሺወርቅ። እንደምን አለሽ? እኔ በአምላክ ቸርነት አለሁ። ደሴቱ ላይ ደስ እንዳለሽ ሰማሁ፤ ደስ ይበልሽ፣ ኃጢአት አይደለም። ከእሳት የሚሸሽ ሰው አባቱን ቢተው ይተዋል፤ ደህና ደርሻለሁ ብሎ ከላከ ግን አባቱን ይዞት እንደወጣ ይቆጠራል። የሞላሽውን ማድጋ ከደረስጌ ተመልሼ ጠጥቼዋለሁ። ያን ጊዜ ያልሰጠሁሽን አሁን ተቀበዪ፦ በሄድሽበት ሞገስ ይቅደምሽ፣ የተቀመጥሽበት ምድር ይርጋልሽ፣ የሚጠራሽ ሰው አያሳጣሽ። አሜን። የላክሽው ድንጋይ መልካም ነው፤ ግራ ተረከዜ ለስልሷል። ቀኙን ሳልጀምር አረጋሽ ተውሳ ወሰደችውና አልመለሰችም። አባትሽ ወልደ ሩፋኤል።»

ምርቃቱን እስከ መስቀል ብዬሽ ነበር፣ ትንሽ ዘገየ። ሱሪውንም ሰዓቱንም ተዪው። በሚቀጥለው በጋ እዚያው ጥላሽ ሥር ስትቀመጪ ጎንበስ ብለሽ አንድ ሌላ ድንጋይ አንሺና ላኪ፤ የመሪጌታ ቀኝ እግር ቅር ብሎታል።

እንግዲህ ቁጭ በይ ብዬ ያስደነገጥሁሽ ታላቅ ነገር ይኸው ነው። የመነኮሰ የለም፣ ተአምር የለም፣ የአረጋሽ ጥርስም ተመልሶ ይነዝራታል። አንድ ሽማግሌ አንድ ተረከዛቸውን ታጠቡ። ሌላ የረባ ነገር አልተፈጠረም።

አገኘሁ